አንድ ካታ፣ ብዙ መንገድ

ካራቴ የሚማር ልጅ ካላችሁ «ያንኑ መደጋገም ሰለቸኝ፤ ልተወው» የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔም ከ11 ዓመቷ ልጄ ሰምቼዋለሁ።

«ያንኑ» ያለችው ሄያን ሾዳንን ነው። የኦኪናዋው መምህር አንኮ ኢቶሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካዘጋጇቸው 5 ካታዎች አንዱ ሲሆን፣ በምናብ ካለ ተጋጣሚ ጋር የሚሠሩ 21 እንቅስቃሴዎች አሉት። ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። ችግሩም ያኔ ይጀምራል፤ እግር መንገዱን ሲያውቅ ልብ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

እኛ ጎንደሮች መላውን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ የለብንም። በአቋቋም ትምህርት በምትታወቀው በአታ ተማሪው ዜማውን መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ በድምፁ ብቻ ይላል። ከዚያ ያንኑ ዜማ በመቋሚያ ዝማሜውን፣ በከበሮ ዝግ ያለውን መረግድና ፈጣኑን ጽፋት ይማራል። ዜማው ያው ነው፤ አካሄዱ ሲለወጥ ግን ተማሪው አይተኛም።

እኛም ቀሐ ወንዝ ዳር ካለው ሣር ላይ በሳምንት አንድ ለውጥ ብቻ መሞከር ያዝን።

መጀመሪያ ዝግታ፦ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ሙሉ ትንፋሽ። ፍጥነት ሸፍኖት የነበረው የሚዛን መሳት ወዲያው ታየ።

ቀጥሎ አቅጣጫ፦ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ጀመረች። ሦስቱን የላይ መመከቻዎች ጨርሳ ትልቁ መዞር ላይ ስትደርስ ጠፋት። ለካስ እስካሁን የምትዞረው የማሠልጠኛውን በር እያየች ነበር!

ከዚያ ግራውን ሁሉ ቀኝ፣ ቀኙን ሁሉ ግራ ማድረግ። ይሄ አሥቋታል፤ አድክሟታልም።

በመጨረሻ እኔ ተጋጣሚ ሆኜ ቀስ ብዬ ቡጢ ሰነዘርኩ። መመከቻው ለምን እንደሆነ የገባት ያን ቀን ነው።

ስትሞክሩት አሠልጣኙን አማክሩ፤ ልምምዱንም ሁልጊዜ በትክክለኛው ካታ ዝጉ። ፈተናው የሚጠይቀው እሱን ነውና። ዓይን ጨፍኖ መሥራት ካማራችሁ ሜዳው ደልዳላ ይሁን፤ እናንተም አጠገቡ ቁሙ።

ልጄ ካራቴውን አልተወችም። አሁን ከመዞሯ በፊት ቀድማ ትመለከታለች፤ ይህንኑ መኪና መንገድ ስትሻገርም አይቼባታለሁ። ለወላጅ ከቀበቶው ቀለም ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ድገመው» ከማለታችሁ በፊት «እስኪ ፊትህን ወደ ጓሮው አዙረህ ሥራው» በሉት።