ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ በረኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት

ዛሬ ስለ ጤፍም ስለ ወተት ላምም አላወራችሁም። ስለ ቤታችን ወለል ነው። “የግብርና ባለሙያ ስለ ወለል ምን አገባው?” ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ በራሴ እስኪደርስ ድረስ።

የምኖረው መቐለ፣ ሓወልቲ ነው። የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ እንደ አካባቢያችን ወግ “አደይ” ነው የምላቸው። ግቢው ውስጥ ቦቢ የሚባል ውሻ አለ። ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፣ ቀን ከአደይ የልጅ ልጅ ጋር ሲጫወት ይውላል። ልጁ ያኔ ገና መዳህ መጀመሩ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ቦቢ አሳዘነኝና ክፍሌ አስገባሁት። ጠዋት ስነቃ ወለሉ ላይ ሸንቷል። እንግዳ ይመጣብኝ ስለነበር ተጣደፍኩ። የበረኪናውን ጠርሙስ አንስቼ፣ ጠብታ ውሃ ሳልጨምርበት፣ ሽንቱ ላይ አፈሰስኩት። “ጠንከር ካለ ቶሎ ያጸዳል” ብዬ ነው እንግዲህ። ብርድ ስለነበር በሩም መስኮቱም ዝግ ነው።

ደቂቃም አልሞላ፣ ዓይኔ ያቃጥለኝ፣ ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ጀመር። እየሳልኩ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ቦቢም በረኪናውን ረግጦ ተከትሎኝ ወጣ። ግቢው መሃል ቁጭ ብሎ እግሩን መላስ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ለሃጩ ተዝረበረበ፣ አስመለሰው። ዞር ስል ደግሞ ልጁ እየዳኸ ወደ ክፍሌ በር እያመራ ነው። ሮጬ አነሳሁት።

አደይ ወጥተው ሁሉንም አዩ። “ወደይ፣ ገበሬውን ስለ መድኃኒት አጠቃቀም የምታስተምረው አንተ አይደለህም እንዴ?” አሉኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። የቦቢን እግር በብዙ ንጹህ ውሃ አጠብነው፣ የሚጠጣ ውሃ ሰጠነው፣ ለእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ሐኪሙ “እንዲያስመልሰው ብላችሁ ምንም እንዳትግቱት፣ የተቃጠለ ጉሮሮን ድጋሚ ያቃጥለዋል” አለኝ። ተመስገን፣ ቦቢ በማግስቱ ደህና ሆነ። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ምን ሆኖ ነው? ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥለው እሱ ነው። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ስትቀላቅሉት ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ እሱ ይብሳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀል።

ሁለተኛው ነገር ውሻ ጫማ የለውም። የረገጠውን ሁሉ በኋላ ይልሰዋል። የሚድህ ልጅም ያው ነው፤ መዳፉ ወለል ላይ፣ ከዚያ አፉ ውስጥ። ወለሉ ለእኛ መርገጫ ነው፣ ለእነሱ ግን እንደ ሰሃን ነው።

አሁን እኛ ግቢ የምንሠራበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መቐለ ውስጥ ውሃ ምን ያህል እንደሚቸግር ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ በጀሪካን ውሃ ለሚኖር ሰው እንዲሆን አድርጌ ነው።

አንደኛ፣ ውሻውንና ልጆችን አስወጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ሁለተኛ፣ ሽንቱን በአሮጌ ጨርቅ ምጠጡት፤ ዓይነ ምድር ከሆነ በአካፋ አንሱት። ሦስተኛ፣ በሳሙና ወይም በኦሞ ውሃ እሹት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ለአብዛኛው ቀን ይህ ብቻ ይበቃል፤ በረኪና በየቀኑ አያስፈልግም።

በረኪና ካስፈለገ፣ ሳሙናውና ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ከወጡ በኋላ ነው። እኛ ሱቅ የምናገኘው በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እዩ። 5 በመቶ ከሆነ በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ወለሉን አርጥባችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ፣ በንጹህ ውሃ ወልውሉ፣ ይድረቅ። ውሻው የሚገባው ከደረቀ በኋላ ነው። የተበጠበጠ በረኪና ለነገ አታስቀምጡ፣ ጉልበቱ ያልቃል። ባልዲውንም ውሻ እንዳይጠጣው ወዲያው ድፉት።

ሽታው አልጠፋ ካለ፣ በሌላ ቀን አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ቦታውን እሹት። ውሻ የራሱ ሽንት የሸተተው ቦታ ላይ ተመልሶ ስለሚሸና ሽታውን ማጥፋት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

“የእኔ ቤት ወለል አፈር ነው” የምትሉ፣ እናንተ ዘንድ በረኪና ዋጋ የለውም፤ አፈር ያዳክመዋል። የረከሰውን አፈር ከነሥሩ ፍቃችሁ አውጡ፣ በንጹህ ጭቃ መልሳችሁ ለቅልቁት፣ እስኪደርቅ ውሻውን አርቁ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው ሽታውን ነው። የሚያሳስበው ግን በዓይን የማይታየው የትል እንቁላል ነው። በዓል ሲመጣ በግ ቤት እናርዳለን። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ስናይ ቆርጠን ለውሻው እንወረውራለን። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ጽንስ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ያ እንቁላል በእጅ አድርጎ ሰው አፍ ከገባ፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ቋጠሮ ዓመታት ፈጅቶ ያድጋል። አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም።

ይህን እንቁላል ቤት ውስጥ የምንጠቀመው የበረኪና መጠን አይገድለውም። የፈላ ውሃ ግን ይገድለዋል። ስለዚህ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ወለል ላይ ዓይነ ምድር ከተገኘ፣ አንስታችሁና አጥባችሁ ቦታው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ። ያነሳችሁትን ሽንት ቤት ጣሉት ወይም በጥልቀት ቅበሩት። ጎመንና ሰላጣ ለምትተክሉበት ኮምፖስት የውሻ ዓይነ ምድር ፈጽሞ አትጨምሩ። ቋጠሮ ያለበትን ሳንባና ጉበት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻችሁንም ለእንስሳት ሐኪም አሳዩና የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አብራችሁ ጨርሱ።

የመጨረሻው ቁንጫ ነው፤ እዚህ ላይ ነው በጣም የምለምናችሁ። ለሰብል የተገዛ ማላታይን ወይም ለከብት መዥገር የተገዛ ዲያዚኖን የመኝታ ቤት ወለል ላይ የሚረጭ ሰው አለ። አታድርጉት። ማሳ ላይ ነፋስና ፀሐይ ያዳክሙታል፣ ቤት ውስጥ ግን ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል። ለሃጭ መዝረብረብ፣ ማላብ፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ካያችሁ መርዝ ነው። ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠው የመርዙን ስም አይቶ ነው።

የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ረግፎ ስንጥቅና ምንጣፍ ሥር ነው የሚፈለፈለው። ወለሉን በየቀኑ ጥረጉ፣ ጥራጊውን አቃጥሉ፣ የውሻውን መኝታ በፈላ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ስንጥቁን ድፈኑ። ለውሻው ገላ የሚሆነውን መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ይምረጥ።

እኔ ለገበሬው ስንት ጊዜ “መለያውን አንብቡ፣ መጠኑን ጠብቁ፣ ልጆችን አርቁ” ብያለሁ መሰላችሁ። ማሳ ላይ የማስተምረውን ቤቴ ውስጥ ረሳሁት። አሁን በረኪናው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው፣ አጠገቡ የመለኪያ ኩባያ አለ። ኩባያውን የገዙት አደይ ናቸው። “ለሊቁ ባለሙያችን” ብለው ሰጡኝ፤ እስካሁን ይስቁብኛል።

ቦቢም አሁን በዝናብ የሚጠለልበት ጣሪያ በረንዳው ላይ ሠርተንለታል። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ። ሰላም ሁኑ።