አንደኛ ማዕረግ

ፌርፋክስ ላይ ቡና ስንጠጣ «አባቴን ይዤ በባቡር ሲያትል ልሄድ ነው» ብል ወዳጆቼ ሳቁብኝ። «አውሮፕላን ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚያደርስህን መንገድ ሠላሳ አምስት ሰዓት ልትንፏቀቅ? ያውም በሚበልጥ ዋጋ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ቀዳዳ ይደፈን ነበር! እኔም ሳልሸማቀቅ አልቀረሁም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ ላይ፣ በሽመንደፈር ሐዲድ ጥገና ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው ከግርጌው ቆመ፣ ከተማዋም እዚያው ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከሦስተኛ ማዕረግ ሾልኬ አንደኛ ማዕረግ ፉርጎ ገባሁና ለስላሳው ወንበር ላይ ተደላደልኩ። አባባ ደርሰው ጆሮዬን ይዘው አወጡኝ። «ይኸ የኛ አይደለም» አሉኝ። ሐዲዱን የሚጠግኑት እሳቸው፣ ወንበሩ የሌላ!

እናም ባለፈው ሐምሌ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ባለ አልጋ ክፍል ያዝኩ። «ኮስት ስታርላይት» የተባለው ባቡር ጧት ከሎስ አንጀለስ ዩኒየን ስቴሽን ተነሳ። አስተናጋጁ ወደ ክፍላችን ብቅ ባለ ቁጥር አባባ ብድግ ይሉለታል። ምግቡ ከቲኬቱ ጋር የተከፈለ መሆኑን እስካስረዳቸው ድረስም ከፌርፋክስ የያዝነውን ቆሎ ነበር የሚቆረጥሙት።

ከሰዓት በኋላ ውቅያኖሱን በግራችን አድርገን ተጓዝን። ከሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በኋላ ኩዌስታ የሚባለውን ዳገት ተያያዝነው። ሐዲዱ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ባቡር ግንባር በመስኮት ታያላችሁ። አባባ ግን ተራራውን ትተው ሐዲዱን ነበር የሚያዩት። «የኛ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበረ፤ ይኸ ይሰፋል» አሉ። ልክ ናቸው። ሲመሽ ስንት እንደከፈልኩ ጠየቁኝ። ዋሸኋቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። የሻስታ ተራራ አናቱ ላይ በረዶ ይዞ መስኮቱን ሞልቶታል። ቁመቱ 4,322 ሜትር ነው፤ ከኛው ራስ ዳሽን ቢያንስ ጥቂት ነው። ባቡሩ ሲዞር ተራራውም አብሮን የሚዞር ይመስል ለረጅም ጊዜ አልተለየንም። አባባ ዝም ብለው ቆዩና «ሐረር ያልወጣው ባቡር እዚህ ወጣ» አሉ። ከዚያ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣

«እስከ ሲያትል ድረስ የኛ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ አባባ፣ የኛ ነው» አልኳቸው።

ጫማቸውን አወለቁ።

ዛሬ አባባ ድሬዳዋ ናቸው። እሳቸው ሲጠግኑት የኖሩት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። ስልክ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሱት ስለ ሎስ አንጀለስ ፎቅና መኪና አይደለም፤ ስለዚያች ጧት ነው።

እናት አባት ሊጠይቋችሁ የሚመጡላችሁ ወገኖቼ፤ አፓርታማ ዘግታችሁባቸው፣ ቴሌቪዥን ከፍታችሁላቸው ወደ ሥራ መሮጡን ለጥቂት ቀን ተዉት። የአቅማችሁን ቋጥራችሁ ባቡር አሳፍሯቸው። ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ይበል። እነሱ እኛን ለማስተማር ዕድሜ ልካቸውን በሦስተኛ ማዕረግ ተጉዘዋል።