ዳሊያ ተቆፍሮ ሲወጣ

ሲያትል ዳሊያን የከተማዋ አበባ አድርጋ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቮሉንቲር ፓርክ ያለውን የዳሊያ መደብ ላየ ሰው ምርጫው አይገርምም፤ ስፋቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ አበባ አለ። ወላይታ፣ በዴሳ፣ እናቴ ደጅ ያለው ቀይ ዳሊያ ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። የዝርያ ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ። ለእኔ ዋናው ምክንያት ግን ቁፋሮው ነው።

እዚህ ሲያትል የብርዱ ወራት ዝናብና ውርጭ ሥሩን ስለሚያበሰብሰው ብዙ ሰው ኅዳር ላይ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ ይከፋፍለዋል፣ በሰጋቱራ ሸፍኖ ውርጭ የማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድረዋል። በዴሳ ውርጭ ስለሌለ የሚነካው የለም። ሥሩ እዚያው ይራባል፣ ግንዱ ይበዛል፣ አንዱ የሌላውን ምግብ ይሻማል፣ አበባው ያንሳል።

አከፋፈሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንች ገላው ላይ ዓይን ስላለው ቁራጩም ይበቅላል። የዳሊያ ዓይን ያለው ግን ሥሩ ከግንዱ በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢላው ከእያንዳንዱ ሥር ጋር አንድ ዓይን ያለበት የአንገት ቁራጭ ማስቀረት አለበት። የቱንም ያህል የወፈረ ሥር ያለ አንገት አይበቅልም።

ይህን በስልክ ስነግራት እናቴ፣ «ልጄ፣ እንደ እንሰት ነዋ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእንሰቱን አሚቾ ቆፍሮ፣ ሰንጥቆ፣ በፍግ ቀብሮ ችግኝ ማውጣት ወላይታ ውስጥ የቤት ሙያ ነው። ልዩነቱ፣ ከእንሰቱ መሐል ያለው ቡቃያ ተፍቆ የሚወጣው ከጎን ብዙ እንዲያፈራ ነው፤ የዳሊያው ዓይን ግን ፈጽሞ አይነካም።

ዳሊያ የመጣው ከሜክሲኮ ደጋ ነው፤ በሥሩ ስንቅ የሚይዘውም የበጋውን ድርቅ ለማለፍ ነው። ስለዚህ ለበዴሳ የሚስማማው የቁፋሮ ጊዜ ጥር ነው፤ የበልግ ዝናብ ሳይጥል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ማውጣት ይበቃል። ሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ተጋድሞ ይተከላል፤ ችካሉም አብሮ ይተከል፣ በኋላ ሥሩን እንዳይወጋው። ቡቃያው እስኪታይ ውኃ አይብዛበት። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን መቀንጠስ ነው፤ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ያኔ ነው።

ቦታ የጠበበው በተቆረጠ ጀሪካን ይትከል፤ ታቹ ይበሳ፣ የበሰለ ፍግ ከአፈር ጋር ይቀላቀልበት። የጀሪካን አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ያበበውን በየቀኑ ማጠጣት ግድ ነው።