ቤታችንን ጭነን ወደ ላንጋኖ

አንባቢ ሆይ፤ ባዶ ሚኒባስ ገዝቶ ማደሪያ ቤት ሊያደርገው ያሰበ ሰው ቢኖር መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ ይውረድ። አሮጌ በርሜል ምድጃ፥ ያለቀ ጎማ በረባሶ የሚሆነው እዚያ ነው።

እኔና ባልንጀራዬም ተጣጣፊ አልጋ፥ ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና ከአልጋው ሥር የሚገባ የከሰል ምድጃ አሠርተን፥ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ተጓዝን። ቧንቧው ገና ሞጆ ሳንደርስ ያንጠባጥብ ጀመር፤ አልጋው ግን፥ አናጢው ይመስገንና፥ የቤት አልጋ ያስንቃል።

ሻይ የመሰለውን ውሃ ስናይ አምሽተን፥ ነፋሱ ቢበረታ በሩን ዘግተን ፍሙን እንዳለ ተውነው። የከሰል መርዝ ሽታ የለውምና አላወቅንም። ጥቂት ቆይቶ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ ባልንጀራዬን ብጠራው መልስ አጣሁ። እንደ ምንም በሩን ከፍቼ ጎትቼ አወጣሁት፤ አሸዋው ላይ ነፍሱ ተመለሰች።

ምድጃው ከዚያ ሌሊት ወዲህ የመኪናውን በር አላለፈም፤ ስፍራውን ጀበናና ሲኒ ይዘውታል።