ቃሉን ሸምድደን ነገሩን ሳናውቀው

ለሲሲኤንኤ ፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ እኛ የከፈልነውን ዋጋ እናንተ እንዳትከፍሉት ይህችን አንብቡልን።

አራት ጓደኛሞች ነን። የፈተናው ክፍያ 300 ዶላር ነው። ለየብቻ ስለከበደን እቁብ ገባንና ዕጣ የወጣለት እንዲፈተን ተስማማን። መጀመሪያ የደረሰው ከሁላችን ይልቅ ብዙ ቃል የሚያውቀው ነበር፤ ትርጉሞቹን በካርድ ጽፎ ሸምድዷቸዋል። ወደቀ።

ማታ ልናጽናናው ተሰበሰብን። እሱ ግን ወረቀት አውጥቶ አንድ ራውተር፣ በግራና በቀኙ አንድ አንድ ስዊች ሳለና «እዚህ ስንት ብሮድካስት ዶሜይን አለ?» አለን። ሦስታችን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠን። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ጠይቁን ቢባል ግን አንድም ቃል ሳንስት እንወጣው ነበር። አፈርን። የወደቀው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣን፤ ማንኛውም ቃል በአማርኛ ካልተብራራ «አወቅነው» አንልም። ለምሳሌ ኤአርፒ ማለት አንድ ሰው ግቢ መሀል ቆሞ «ይህ የአይፒ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ እንደመጣራት ነው። ሁሉም ይሰማል፤ ባለቤቱ ብቻ የማክ አድራሻውን ለጠያቂው ይነግረዋል። ጥሪው የሚሰማበት ግቢ ብሮድካስት ዶሜይን ነው። ስዊች ጥሪውን ለሁሉም ያዳርሳል፤ ራውተር ግን አጥር ነው፣ አያሳልፈውም። ስለዚህ የዚያ ስዕል መልስ ሁለት ነበር። ዲፎልት ጌትዌይ ደግሞ የግቢው መውጫ በር ነው።

ሆኖም ምሳሌው ሊያሳስትም ይችላል። ፍሬም፣ ፓኬትና ሴግመንት በአማርኛ ሁሉም «ጥቅል» ይመስላሉ። ነገር ግን ፍሬም የሁለተኛው ሌየር፣ ፓኬት የሦስተኛው፣ ሴግመንት የአራተኛው ነው። ፈተናውም በአማርኛ አይሰጥም፤ አንዴ ያለፉትን ጥያቄም ተመልሶ ማየት የለም። ስለዚህ በአማርኛ ከተረዳን በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ቃል ተመልሰን እናጠብቀዋለን።

ሁለተኛው ዕጣ የደረሰው ጓደኛችን አልፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ሲያጠና አጠገቡ ተቀምጦ «በአማርኛ ንገረኝ» እያለ ሲያፋጥጠው የነበረው ያ የወደቀው ወንድማችን ነው። ለእሱም እቁቡ ላይ አምስተኛ ዕጣ ጨምረንለታል።

እናንተም ዛሬ አንድ ቃል ምረጡና ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ አስረዱ። እነሱ ካልገባቸው፣ እናንተም ገና አልገባችሁም ማለት ነው።