የተመረጠ ሰው የመጀመሪያ ሳምንት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ከቆዩት ክፉ ምክሮች አንዱ ነው። ተረቱ የተነገረው ሹም ሁሉ ከበላይ በሚሾምበት፣ ገበሬውም የሹሙን ቀለብ በሚችልበት ዘመን ነው። ተሿሚና ተመራጭ ግን አንድ አይደሉም። ተሿሚ የሾመውን ሰው ያገለግላል፤ ተመራጭ ግን የጎረቤቶቹን ቃል በአደራ የተቀበለ መልእክተኛ ነው። ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ይልቅ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ የአንድ ሳምንት ኑሮ ስለ ተረዳሁት፣ ወጣቶች ሆይ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ተማሪዬ በጎጃም ገጠር የሚኖር ገበሬ ሲሆን፣ በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌው ምክር ቤት አባል ሆነ። በዚያ ምርጫ ብዙዎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስላልተወዳደሩ፣ በአገሪቱ የነበረው ወንበር ከሞላ ጎደል በገዢው ግንባር እጅ ገባ። ተፎካካሪ ሳይኖረው የተመረጠ ሰው ዐይኑን ወደ ወረዳው ብቻ ማቅናት ይቀለዋል፤ የሚፈራው መራጭ የለምና። በግንቦት ወር ለዘመድ ጉዳይ ወደዚያ አገር ሄጄ ስለ ነበር ሳምንቱን በእንግድነት ከቤቱ አሳለፍሁ።

ሰኞ ማለዳ ሦስት ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ» ሊሉት መጡ። አንደኛው አንድ ቅል ቅቤ ይዞ ነበር። ተማሪዬ እንግዶቹን ጠላ አጠጥቶ ከሸኘ በኋላ ቅቤውን በልጁ አስይዞ መለሰው። ሚስቱ «ሰው ይቀየምብናል» ብትለው፣ «ዛሬ ቢቀየም ይሻላል፤ ነገ ጉዳይ ይዞ ሲመጣ ቅቤው ከመካከላችን ይቆማል» አላት።

ማክሰኞ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ከወረዳ የመጣው ዕቅድ ተነበበ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። ተማሪዬም ተነሥቶ፣ የመንደሩ የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ከተሰበረ ሦስት ወር እንደ ሆነው፣ ሴቶቹም ከወንዝ ስለሚቀዱ ሕፃናት በተቅማጥ እንደ ታመሙ ተናገረ። ሊቀ መንበሩ «ለወረዳው እንጽፋለን» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ረቡዕ ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ወደ ወረዳው ከተማ በእግሩ ሄደ። ኃላፊው ስላልነበረ እዚያው አደረ። ሐሙስ ያገኘው መልስ «መለዋወጫ የለም፤ በሐምሌ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ይታያል» የሚል ነበር። ማታ ሲመለስ ማንም ሳያየው ወደ ቤቱ ሊገባ ይችል ነበር። እሱ ግን ሴቶቹ ውኃ ወደሚቀዱበት ወርዶ «አላገኘሁም፤ በሐምሌ እንደገና እሄዳለሁ» አላቸው። አንዲት አሮጊት «እስከ ዛሬ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ አልነበረንም» ብለው መረቁት።

ከሁሉ የከበደው ዓርብ መጣ። ግንቦት የእርሻ ወቅት ነው፤ ድንበር የሚገፋውም ያን ጊዜ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የመሬት ይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ይህ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ፣ የመሬቱን ስፋትና በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑትን ሰዎች ስም የያዘ ነው። በምሥራቅ በኩል የተጻፈው የተማሪዬ አጎት፣ የእናቱ ወንድም ስም ነበር። ድንበሩን ጥሰው አራት ትልም ያህል ያረሱት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለ ደብተርና እርሳስ እየገዙ ያስተማሩትም እሳቸው መሆናቸውን እኔ መምህሩ ዐውቃለሁ።

ድንበር መፍረድ የምክር ቤት አባል ሥራ አይደለም፤ ለዚህ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አለ። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ሴቲቱን ይዞ ወደ ኮሚቴው ሄደ፤ ደብተሩ ከድንበሩ ላይ ሲነበብም አብሯት ቆመ። አጎቱ «የመረጥንህ ለዚህ ነውን?» አሉት። «አያ፣ የመረጡኝ አንቱ ብቻ አይደሉም፤ እሷም ድምፅ ሰጥታኛለች» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የድንበሩ ድንጋይም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

ቅዳሜ በገበያው «ዘመዱን የከዳ» ተባለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አጎቱ ሰላምታውን ሳይቀበሉ አለፉ። ማታ «መምህር፣ ያሳደገኝን ሰው አስቀየምሁ፤ ደግ ሠራሁ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለውን የአባቶች ቃል አስታወስሁት። አራት ትልም ለአጎቱ ጭብጦ ነው፤ ለዚያች ሴት ግን የልጆቿ እንጀራ ነው። ቂሙ ያልፋል ብዬ ግን አላጽናናሁትም። በዓመቱ ስጠይቅ ፓምፑ ተሠርቶ ነበር፤ አጎቱ ግን ገና አያነጋግሩትም ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን ሰኞ ቅቤ ይዞ የሄደ መራጭ ዓርብ ዕለት ፍርድ ተጓደለ ብሎ በምን አፉ ይናገራል? ተመራጭን የሚያበላሸው የራሱ ሆድ ብቻ አይደለም፤ የእኛም እጅ መንሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ስለ ተላለፈ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ የቀበሌ ተመራጭ መርጣችሁ አታውቁ ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ የዘመዳችሁን ልጅ ሳይሆን፣ «አላገኘሁም» ለማለት እንኳ ወደ እናንተ የሚመለሰውን ሰው ፈልጉ። ከመረጣችሁትም በኋላ ባዶ እጃችሁን ሂዱና ምን መልስ ይዞ እንደ መጣ ጠይቁት።