ፋይሉ አለ፤ ፊደሉ የለም

አንድ የላስታ ገበሬ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተፈረደለትን የመሬት ክርክር ውሳኔ ግልባጭ ሊጠይቅ ከተማ ወረደ እንበል። እጁ ላይ የነበረው ወረቀት ጠፍቷል። ደግነቱ ፋይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ተገኘ። ጸሐፊዋ ስትከፍተው ግን የመጣው አማርኛ አይደለም፤ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አልበላውም። የጎደለው ፓወር ግዕዝ ነው።

ይህ የላሊበላ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ አዲስ አበባ ያለ ሚኒስቴር ሳይቀር ለዓመታት ደብዳቤውንና ቃለ ጉባኤውን የጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ የእኛ ፊደል ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ዘዴ ፈጠሩ። የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ያልበቃውን ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎንት አሸጋገሩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ልብሱ ይወልቃል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የወንበር አደላደሉ የራሱ ስለነበር አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም።

ይህን ያደረጉትን መውቀስ ግፍ ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ባይደክሙ ኖሮ በኮምፒውተር በራሳችን ፊደል መጻፍ ሕልም ሆኖ ይቀር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ደግሞ ለ345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡት ምንም ሳትጭኑ ነው፤ በዚያ ቁጥር ምክንያት።

ታዲያ ለምን አሮጌው አልቀረም? ጸሐፊዋ ጣቷ የለመደው እሱን ነው። የደብዳቤው ቅጽ የተሠራው በእሱ ነው። የኋለኛው ፓወር ግዕዝ 2010 ዩኒኮድ ቢኖረውም ብዙ ሰው የሚመርጠው የለመደውን ፎንት ነው። ለእሱ ሲባል አሮጌ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒን በ2014፣ ዊንዶውስ 7ን በ2020 እ.ኤ.አ. መደገፍ አቁሟል። ማሽኑ ሲያስቸግር የሚጠራው ‹‹እሱ ያውቃል›› የሚባል አንድ ልጅ ነው። ልጁ ሥራ ቀይሮ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ቀንስ?

ማሽኑም ቢሆን ዋስትና የለውም። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ጠፋ፤ በሰሜን ወሎ ስንት መሥሪያ ቤት ተዘረፈ፣ ስንት ኮምፒውተር ተጫነ። አንድ ሰነድ ተርፎ በፍላሽ ቢገኝ እንኳ የሚያነበው ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር ሄዷል።

እዚያው ላስታ ውስጥ አሸተን ማርያም ወይም ነአኩቶ ለአብ የወጣ ሰው የብራና መጻሕፍት ያያል። ብራናው የኖረው ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፊደል የሚያስቆጥር መምህር፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ተማሪ፣ ያረጀውን ወደ አዲስ ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ በየዘመኑ ስለነበረ ነው። አንባቢው ሲያልፍ አንባቢ ተተክቷል። እኛ ግን የሃያ ዓመት ሰነዳችንን ተተኪ በሌለው አንድ ልጅና በአንድ አሮጌ ሲፒዩ ላይ አንጠልጥለናል።

መፍትሔው ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። አሮጌው ማሽን እየሠራ ሳለ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ወደ ፒዲኤፍ መቀየር፤ መልካቸው ቢያንስ ይተርፋል። ቀጥሎ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር፤ ዳንኤል ያዕቆብ የሚሠራበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በነፃ ያወጣው መቀየሪያ አለ። ፎንቱ ስሙ ከፋይሉ ጋር ካልተቀመጠ ግን መቀየሪያው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ማመሳከር አለበት። የፍርድ ውሳኔ ላይ የአንድ ፊደል ስህተት የድንበር ስህተት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም አዲስ ደብዳቤ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ሥራውንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆናችሁ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ዛሬ ቢቃጠል የማን መሬት፣ የማን ጡረታ፣ የማን ልደት አብሮት ይቃጠላል?